አቶ እሺን ፍለጋ

ተኳሿ ከሥራ ስትመለስ መጀመሪያ የምታወልቀው ጫማዋን ነው። በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ አንዱን ጫማ በሌላው እግሯ ጫፍ ትገፋውና በወደቀበት ትተወዋለች። ከዚያ ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ በባዶ እግሯ ረግጣ ዐይኗን ትጨፍናለች። በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሙሉ ቀን ቆሞ ለዋለ እግር ከዚህ የበለጠ ግብዣ የለም። ሥራዋን ለሚጠይቃት "ተኳሽ ነኝ" ትላለች፤ የማያውቃት ይደነግጣል። የምትተኩሰው ግን የእንግዳ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የአስተናጋጅ ሸሚዝ ነው። የራሷን ቀሚስ ከተኮሰች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

ድካሟ የአንድ ቀን ድካም አይደለም። የከረመ ነው። በእረፍት ቀኗ ተኝታ ብትውል እንኳ ስትነሣ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። አለቃዋ ደግሞ ሰው በቀረ ቁጥር ስልክ የሚደውለው ለእሷ ነው፤ ለምን ቢሉ እምቢ ስለማታውቅ። "ነገ ቀደም ብለሽ ግቢ" ሲላት፣ "እሺ።" "የማታውንም አንቺው ድረሺልኝ" ሲላት፣ "እሺ።" እየጎተተች፣ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ወደ መሬት ወርዶ እየጠፋ፣ "እሺ" ትላለች።

ይህን ቃል ከእሷ አፍ የተማረ አንድ ፍጡር ነበር። ሳሎኑ ውስጥ፣ በመስኮቱ አጠገብ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ የሚኖር አረንጓዴ በቀቀን። ወደ ሌላ አገር የሄዱ ጎረቤቶች ለእናቷ ትተውት የሄዱት ወፍ ነው። እናቷ መዝፈን ልታስተምረው ስንት ደከመች፤ እሱ እቴ! ተኳሿ ስልክ ስታወራ የሚሰማውን ቃል ብቻ ለቀም አድርጎ፣ ከነድካሙ፣ ከነጉተታው፣ "እሺ" ማለት ጀመረ። ሌላ ቃል አልጨመረበትም። ጎረቤቱ ሁሉ "አቶ እሺ" አለው። እናቷ፣ "አንቺን ከሚያደክሙ ይሄን ወፍ ቢቀጥሩት ምን አለበት" እያለች ትስቅ ነበር።

እናት አሁን የለችም። ቤቱ ግን የእሷ ነው። በአንዱ መኝታ ክፍል ተኳሿ፣ በሌላው ታናሽ ወንድሟ ይኖራሉ። ወንድሟ ቁልፍ ቀራጭ ነው፤ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ከራሱ በቀር ሰው የማታስገባ ሱቅ አለችው። ቁልፍ የጠፋበት፣ በሩ የተዘጋበት ሁሉ እሱን ይጠራል። እሷ ሳታገባ፣ እሱ አግብቶ ፈትቶ፣ ሁለቱም መጨረሻቸው የተወለዱበት ቤት ሆነ። የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው። ግን አይነጋገሩም። እናታቸው ከተቀበረችበት ቀን ወዲህ እህት ለወንድሟ፣ ወንድም ለእህቱ አንዲት ቃል ወርውረው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ስትታመም ተኳሿ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ሌሊቱን ሠርታ፣ ጠዋት ገብታ፣ እናቷን አጥባና አብልታ ቀን ላይ ትንሽ ትተኛለች፤ ያን ጊዜ ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እሷ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ ሳለ እናታቸው አረፈች። ወንድሟ አልቀሰቀሳትም። ስትነሣ የእናቷ ፊት ተሸፍኖ አገኘችው። "ለምን አልቀሰቀስከኝም?" አለችው። ዝም አላት። ደጋግማ ጠየቀችው፤ ዝም። ከቀብር መልስ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "እናቴን ብቻህን ሸኘሃት፤ እኔም ከእንግዲህ ወንድም የለኝም" አለችው። አሁንም ዝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እዚያ ቤት ገብተው ቢያዩት ነቅዞ፣ ዱቄት ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ፣ የማይነጋገሩ ከሆነ፣ ጋዝ ሲያልቅ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ቀዝቃዛ በሉ። ከዚያ ተኳሿ አንድ ምሽት በወፉ ፊት ቆማ፣ ወንድሟ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያለ፣ "ለዚያ ሰውዬ ንገረው፤ ጋዙ አልቋል በለው" አለች። ወፉም፣ "እሺ" አለ። በማግሥቱ ጋዙ መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ወንድሟ ወደ ሽቦው ቤት ጠጋ ብሎ፣ "ንገራት፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ባልዲ ታስቀምጥበት በላት" አለ። "እሺ።" በዚሁ ተጀመረ፤ በዚሁ ዓመታት አለፉ።

ተቀምጠው አልተዋዋሉም፤ ግን ሕግ ነበረው። ወፉ "እሺ" ያለበት ነገር እንደተነገረ ይቆጠራል፤ "እሺ" ያላለበት ነገር እንዳልተነገረ ነው። ወፉ ተኝቶ ከሆነ ይጠበቃል፤ እየበላ ከሆነም ይጠበቃል። አንድ ጊዜ ወንድሟ ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ሊሄድ፣ ሻንጣውን እንደያዘ፣ አቶ እሺ ሱፉን ፈልፍሎ እስኪጨርስ ፊቱ ቆሞ ሲጠብቅ መኪና አምልጦታል። ደግሞም ወፉ የሚሸከመው ነገር ልክ ነበረው። ጋዝ፣ ውሃ፣ መብራት፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ከዚያ አያልፍም። በበቀቀን ላይ ሞት አይጫንም።

ወፉ የጠፋው በተኳሿ የእረፍት ቀን ነው።

ጠዋት ወንድሟ ሊወጣ ሲል የሽቦውን ቤት በር በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ፣ "ንገራት፤ መቀርቀሪያው ተሰብሯል። ማታ ሽቦ ይዤ መጥቼ እስካስረው መስኮቱን እንዳትከፍት በላት" አለ። አቶ እሺ አፉ ውስጥ የካሮት ቁራጭ ነበር። ወንድሟ ጠበቀ። ካሮቱ አላልቅ አለ። ስልኩ ጮኸ፤ አንዲት ሴት ሕፃን ልጇ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፣ በሩ ተዘግቶባት ታለቅሳለች። ወንድሟ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ወፉን አንዴ ዞር ብሎ አይቶ፣ ሮጠ።

ተኳሿ ብርጭቆ ይዛ ከመኝታ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። መቀርቀሪያውንም፣ መስኮቱንም። "ቁልፍ ቀራጭ ቤት መቀርቀሪያ ተሰበረ!" ብላ በሆዷ ሳቀች። ከዚያ ቤቱ ሞቀ። ለነገ የምትለብሰውን የሥራ ልብስ ልትተኩስ ካውያውን ስትሰካ ደግሞ የባሰ ሞቀ። ወፉ እሺ አላለም፤ ስለዚህ አልተነገራትም። እውነቱን ለመናገር ሙቀቱን መቻል አቅቷት አልነበረም፤ በየቀኑ ከዚያ በባሰ እንፋሎት ውስጥ ነው የምትውለው። እልህ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ መስኮት ማስከፈት ምን ያቅተዋል። ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተችው።

አቶ እሺ በሩን በራሱ ገፋ አደረገው። ወጣ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ተራመደ፤ አንገቱን ሰብሮ አያት። "ና" ብላ እጇን ዘረጋች። ክንፉን ዘርግቶ ሄደ። ድሮ እናታቸው ክንፉን በየጊዜው ትከረክምለት ነበር፤ እሷ ከሞተች በኋላ ሥራው ለማን እንደሚደርስ አልተነጋገሩም። የሚነጋገሩት በወፉ በኩል ነውና፣ ስለ ገዛ ክንፉ እሱኑ መላክ ሁለቱንም አሳፈራቸው። ክንፉም ዝም ብሎ አደገ።

ካውያውን ነቅላ በነጠላ ጫማ ወጣች። ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ፣ "ወፍ አላየህም?" አለችው።

"አቶ እሺን? አሁን በዚህ አለፈ" አለ ባለሱቁ፣ ሚዛኑ ላይ ስኳር እየጨመረ። "ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሄደው። ምነው፣ ፈቃድ አልሰጣችሁትም?"

አልሳቀችም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ተማሪ የለበትም፤ ግቢው መሐል ያለው ትልቅ ዛፍ ብቻ በወፍ ተሞልቷል። ዘበኛው ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ችግሯን ሲሰሙ በሩን ከፈቱላት። ዛፉ ሥር ቆማ አንጋጠጠች። አንገቷ እስኪያማት አየች። በመጨረሻ ከጫፉ ላይ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ተለይቶ ሲንቀሳቀስ አየችው። ምን ብላ ትጥራው? ስሙን ጠራች። "እሺ! እሺ! እሺ!"

"ማንን ነው እሺ የምትዪው፣ ልጄ?" አሉ ዘበኛው። "እኔ ምንም አላዘዝኩሽ።"

እዚያ ዋለች። የአንድ ሳምንት እረፍቷ ማለት ያ ቀን ነበር፤ ዛፍ ሥር ቆማ ጨረሰችው። ሱፍ በመዳፏ ዘርግታ ቆመች፤ እጇ ሲዝል በሌላው ቀየረች። ደግሞ በየመሐሉ አንድ ሐሳብ ይመጣባታል፤ ማታ ወንድሜ ሲገባስ? ወፉ ከሌለ ምን ብዬ፣ በማን በኩል እነግረዋለሁ? ጋዙ ሲያልቅስ፣ ጣሪያው ሲያፈስስ? እስከ ዛሬ ባይዋደዱም አንድ ክር ነበራቸው። እሷ ነች የበጠሰችው። ይህን ስታስብ ከእግሯ ይልቅ ልቧ ደከማት።

ወደ አመሻሹ ላይ ወንድሟ መጣ። ባለሱቁ ነግሮታል። በአንድ ትከሻው ከሰው የተዋሰውን መሰላል፣ በሌላ እጁ ባዶውን የሽቦ ቤት ይዟል። ቆማ የነበረችበትን አይቶ ከዛፉ በወዲያኛው በኩል ቆመ። አንጋጦ ወፉን አየ፤ መሰላሉን አስደገፈ፤ ከዚያ ግራ ገባው። ሲወጣ የሽቦውን ቤት ከታች የሚያቀብለው ሰው ያስፈልገዋል። ወደ ዘበኛው ዞረ።

"አባባ፣ ለሴትዮዋ ይንገሩልኝ። ከላይ ስጠራ ቤቱን ወደ ላይ ታቀብለኝ ይበሉልኝ።"

ዘበኛው ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። በመሐላቸው ያለው የዛፉ ግንድ ብቻ ነው። "እዚህ ቆማ የለም እንዴ? አልሰማችህም?"

"ቢሆንም ይንገሩልኝ።"

"ልጄ፣ ሲጠራሽ አቀብዪኝ ይልሻል" አሉ ዘበኛው። ከዚያም ወንድምየው ሳይንቀሳቀስ ዐይን ዐይናቸውን ሲያያቸው ጊዜ፣ "ምን ትጠብቃለህ?" አሉት።

"እሺ አላሉም።"

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ በቀቀን ልሁን?" አሉ ሽማግሌው። ቢሆንም የሰው ችግር ይገባቸዋልና፣ "ይሁን፣ እሺ" አሉ። ወንድሟ መሰላሉን ወጣ።

ያኔ ነው ከዛፉ ጫፍ፣ "እሺ" የሚል ድምፅ የመጣው።

ተኳሿ አንጋጠጠች። ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ስትሰማው ጆሮዋ ለምዶት ነበር፤ ሜዳ ላይ፣ ከሰማይ በኩል ሲመጣ ግን የራሷ ድምፅ ነው። እየተጎተተ ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ ወደ መሬት ወርዶ ይጠፋል። ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣ "እሺ" አለ ወፉ ደግሞ። "እሺ።"

"እንደዚህ ነው እንዴ የምለው?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዘበኛው አልገባቸውም። ዐይኗ ሞላ። ለራሷ አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ለራሷ አዘነች።

ወንድሟ ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ሱፍ ዘርግቶ ቀስ እያለ ተጠጋ። ወፉ ወደ እጁ መጣ፤ አንዲት ሱፍ አነሣ፤ ፈለፈላት። ወንድሟ እጁን ሳይነቅል፣ በቀስታ፣ "አቶ እሺ፣ ቤት እንሂድ" አለው። ወፉ አየው። ሱፏን ውጦ ክንፉን ዘረጋ፤ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በላይ፣ ከውሃ ታንከሩ በላይ፣ ከሚታየው ሁሉ በላይ ሄደ። እየራቀ ሲሄድ ከሌሎቹ ወፎች መለየት አቃታቸው።

ወንድሟ መሰላሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረደ። ዘበኛው በሩን መዝጋት ስላለባቸው ቁልፋቸውን አንሿሹ።

"አባባ" አለች ተኳሿ። "ለዚህ ሰውዬ ይንገሩልኝ። ጠዋት ስለ መቀርቀሪያው የተናገረውን ሰምቼው ነበር። ሰምቼ ነው መስኮቱን የከፈትኩት።"

ሽማግሌው ወደ ወንድሟ ዞረው፣ "ሰምተሃል" አሉት። ወንድሟ መሰላሉን ትከሻው ላይ አደረገ፤ የሽቦውን ቤት አነሣ፤ ወጣ። ከኋላው ራቅ ብላ ተከተለችው። ባለሱቁ ባዶውን የሽቦ ቤት አይቶ አንድ ቀልድ ሊጀምር ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

ቤት ሲገቡ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ወንድሟ የሽቦውን ቤት በቦታው ሰቀለው፤ ከኪሱ ሽቦ አውጥቶ፣ ማንም የማይዘጋበትን መቀርቀሪያ ጠምዝዞ አሰረው። መስኮቱን አልዘጋውም፤ ምናልባት ቢመለስ ብሎ ነው። ከዚያ ክፍሉ ገባ። በሩን ግን ክፍት ተወው። እሷ መብራት ሳታበራ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። ነገ ቀደም ብላ እንድትገባ ነው። ስልኩን አየችው፤ ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ አየችው። አላነሣችውም።

ከወንድሟ ክፍል ድምፅ መጣ። ለባዶው የሽቦ ቤት ነበር የሚናገረው።

"ንገራት" አለ። "መቀርቀሪያው ከተሰበረ ሰንብቷል፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ያቆየሁት እኔ ነኝ በላት።"

መጋረጃው ብቻ ትንሽ ተነፋ። "እሺ" የሚል የለም።

"ንገራት" አለ እንደገና፣ ድምፁ ጎርነን ብሎ። "የዚያን ቀን ልቀስቅሳት ተነሥቼ ነበር። በሯ ድረስ ሄጃለሁ። እጀታውን ይዣለሁ። የጠራችኝ እማዬ ናት። 'ተዋት፤ ገና አሁን ነው ያሸለበችው። እግሯን ሲያማት ነው ያደረው፤ ትተኛ' አለችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችኝ። ትሞታለች ብዬ አላሰብኩም። ሲጨንቀኝ ደግሜ ልነሣ ስል እጄን አልለቅም አለች። ከዚያ ለቀቀችው።"

አልጋው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

"ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገራት? 'እናቴን ሳልሰናበት የቀረሁት በእንቅልፌ ነው' ብላ ዕድሜ ልኳን እንቅልፍ እንዳታጣ ፈራሁ። እኔን ብትጠላ ይሻላል አልኩ። በላት።"

ተኳሿ በጨለመው ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ሰማች። ሁሉንም፣ አንድም ቃል ሳያመልጣት። "ትተኛ" ያለችው እናቷ ናት። በሞቷ ሰዓት እንኳ ያሳሰባት የእሷ እግር ነው። ዓመታቱን ሁሉ አሰበች፤ በአንድ ድስት እየበሉ፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየተኙ፣ አንዱ የያዘውን ሌላው ሳያውቅ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እሷ ሞኙን ሆና ቂሟን ያዘች፣ እሱ ወረቀቱን ሆኖ የእናታቸውን ቃል።

ሕጉ ሕግ ነው። "እሺ" ያልተባለበት ነገር አልተነገረም። ጠዋት በዚህ ሕግ መስኮት ከፍታለች፤ አሁንም ብትፈልግ ዝም ብላ መኝታዋ መግባት ትችላለች፤ ነገ ሁለቱም ምንም እንዳልተባለ ሆነው ይነሣሉ። ግን ደከማት። እግሯም፣ ወገቧም፣ ዝምታውም ደከማት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው እንደ ሁልጊዜው ነው፣ እየተጎተተ፣ መጨረሻው ወደ መሬት እየወረደ።

"እሺ።"

ወንድሟ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ። ባዶ እግሩን ነው። ወደ ሽቦው ቤት አንጋጠጠ፤ ወደ መስኮቱ አየ፤ ከዚያ አለመነጋገራቸውን ረስቶ ወደ እሷ ዞረ።

"መጣ እንዴ?" አላት።

"አልመጣም" አለችው። "እኔ ነኝ።"